ዳማውን ማን ይያዝ

የተበደልኩት ይህን ነው፤ ሳልሞት በጽሑፍ ይቀመጥልኝ። እኔ የአባቴን ፈረስ ይዤ ቆሜ የአክስቴ ልጅ ወገብ ተቃና። የልጅ ልጄ ሰሞኑን “አያቴ፣ አግዳሚ ይዘን የምንሠራው ስፖርት ጀምሬያለሁ” ስትለኝ ያ ቅናት እንደ ትናንት ተመለሰብኝ።

ያኔ እንጅባራ ገበያው አጠገብ የአንድ ሹም ቤት ነበር። ደጁ ላይ ረጅም የፈረስ ማሰሪያ አግዳሚ ስለተተከለ ገበያተኛው ሁሉ ፈረሱን እዚያ ያስራል። የሹሙ ሚስት፣ እሜቴ የምንላቸው፣ አዲስ አበባ የተማሩ ሴት ናቸው። በገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ ፈረሶቹን ወደ ዛፎቹ ያስዞሩና የከተማውን ልጃገረዶች በአግዳሚው ያሰልፋሉ። ልጆቹ እንጨቱን ይዘው በእግር ጣታቸው ይቆማሉ፤ ጉልበታቸውን ያጥፋሉ፣ ይዘረጋሉ፤ አንድ እግራቸውን ወደ ኋላ አንስተው እስኪንቀጠቀጡ ይቆያሉ።

“እንስራ ያጎበጠውን ወገብ ይህ ያቃናዋል። ባትና ጭናችሁ ይጠነክራል፤ ስትወልዱ ታመሰግኑኛላችሁ” ይላሉ እሜቴ። ልጆቹ አፍረው ይስቃሉ።

የአባቴ ዳማ ፈረስ ግን ሌላ ፈረስ ከተጠጋው ይናከሳል። ጠዋት ከአግዳሚው ጫፍ ለብቻው ይታሰር ነበር፤ ዛፎቹ ጋ ግን ለብቻው የሚሆን ቦታ የለም። ስለዚህ ከመንደራችን ከዘንገና ድንች በጀርባዬ ተሸክሜ የመጣሁት እኔ፣ ልጓም ይዤ እቆማለሁ። ቆሜም አያለሁ።

የአክስቴ ልጅ እኩያዬ ናት፤ ከተማው ውስጥ ስለምትኖር ከሚሰለፉት አንዷ ነበረች። ከገበያ ገበያ ስትለወጥ አየኋት። ትከሻዋ ወደ ኋላ ሄደ፣ አንገቷ መዘዝ አለ፤ እንስራ አዝላ ዳገት ስትወጣ እንኳ አታለከልክም። እናቴ “አቋሟን እዪልኝ!” ባለች ቁጥር ፊቴን አዞር ነበር። እኔ ብሆን ከእሷ አላንስም ነበር፤ ያነሰኝ እንጨቱ ነው።

አንድ ቀን የዳማውን ጋማ ጨብጬ በጣቴ ቆምኩ። ፈረሱ ፈቀቅ ሲል መሬት ላይ ተዘረጋሁ።

“አይ አንቺ! ፈረሱን ነው አስተማሪ ያደረግሽው?” አለች የአክስቴ ልጅ። ሁሉም ሳቁ።

ተነስቼ፣ “እሜቴ፣ ፈረሱ በተራ ይያዝ። እኔም ወገብ አለኝ” አልኩ።

“አንቺማ ጠንካራ ነሽ፤ ምን ይጨምርልሻል?”

“ጠንካራ ከሆንኩ ማታ ማታ ጀርባዬን ለምን ያመኛል?”

“እስቲ እናያለን” አሉ። ክረምቱ ገብቶ ወጣ፤ አላዩም።

አደይ ሲፈነዳ፣ በገበያ ቀን፣ ዳማውን ከአግዳሚው መሐል አሰርኩትና ቋጠሮውን በሁለት እጄ ይዤ ጠበቅኳቸው።

“ፍቺው እንጂ፣ እሜቴ መጡ!” አለች የአክስቴ ልጅ።

“አልፈታም። ወይ ዳማውን ሁላችንም በተራ እንይዛለን፣ ወይ ይኸው፣ አግዳሚው የፈረስ ማሰሪያ ነው፤ ፈረስ ይታሰርበት።”

“ለአባትሽ ነው የምነግረው!”

“ንገሪ። ለእሱም ይህንኑ እለዋለሁ።”

እሜቴ ከቤት ወጡ። ዳማውን አዩ፣ ቋጠሮውን አዩ፤ ከዚያ የድንቹ ገመድ ትከሻዬ ላይ ያወጣውን ሰንበር ቆም ብለው አዩ። ወደ አክስቴ ልጅ ዞረው፣

“ነይ እስቲ፣ ዛሬ ልጓሙን አንቺ ያዢ” አሏት።