ቆዳ የለበሰው ሞርሳ

ነገሩ እንደከፋ ያወቅኩት ቤቴን ሊፈትሹ የመጡት የመንግሥት ታጣቂዎች አለቃ ጣቱን ቆዳው ላይ ሲያሳርፍ ነው። እስከዚያ አልጋ ገልብጠው፣ የእህል ጆንያ ዘርግፈው ምንም አላገኙም ነበር። የሟች ባሌ ሞርሳ፣ ያ ብረት ነክሶ የሚይዘው፣ ጓሮ ጠረጴዛው ላይ በብሎን ታስሮ ቆሟል። ጥርሶቹ ቆዳ ለብሰዋል።

«ይሄ ቆዳ ምን ይሠራል?»

«የበር ብረት እንዳይፋቅ ነው» አልኩ።

«ለበር ብረት ማን ቆዳ ያለብሳል? ይሄ ለአፈሙዝ ነው።»

እውነቱን ነው። ባሌ የድሬ ጠያራ ገበሬዎችን ጠመንጃ ያድስ ነበር፣ ፈቃድ ያላቸውን። እነሱ ግን ለሸፈቱ ሰዎች ነው አሉ። እኔንም ሞርሳውንም ባንድ መኪና ጫኑን። ልጄ በር ላይ ቆማ ቀረች።

ያሰሩኝ ክፍል ጠባብ ናት፣ የሽንት ባልዲው ጥግ ላይ፣ በሩ የተሰነጠቀ ቆርቆሮ። አብራኝ አንዲት ጫት ነጋዴ ነበረች። በተጠየቅኩ ቁጥር «ስለ ጠመንጃ አላውቅም» እላለሁ። እሷም «አብሽሪ፣ ይቺኑ ቃል ያዢ። ካወቅሽ ወላሂ አይለቁሽም» ትለኛለች። ያዝኩ።

ሞርሳውን ለማስረጃ ብለው ወስደው ግቢያቸው ውስጥ ሥራ አስጀመሩት። አንድ ከሰዓት አንዱ ጠባቂ ጠመንጃ ሲወለውል ጨርቁ አፈሙዙ ውስጥ ተቀረቀረበት። ቆዳውን ነቅሎ ጣለና አፈሙዙን በባዶ ጥርስ አስነክሶ እጀታውን ያጠብቃል። የጠመንጃው አፍ የኛን በር ያያል። ነጋዴዋ በሩ ሥር ተኝታለች።

ባሌ የገዛ ወንድሙን ጠመንጃ እንኳ ሳይከፍት፣ ትንሿን ጣቱን የጥይቱ ጎሬ ውስጥ ሳይከት ሞርሳ ላይ አያስርም ነበር። አፉንም ወደ አሸዋ ጆንያ ያዞራል። «የሚገድልህ ባዶ ነው ያሉህ ጠመንጃ ነው» ይል ነበር።

ዝም ልበል አልኩ። አልቻልኩም።

«ልጄ» አልኩት ጠባቂውን በበሩ ስንጥቅ። «አፉን ከኛ አዙረው። ከዚያ ከፍተህ እየው።»

ሳቀ። «ማዘር፣ ጠመንጃ አላውቅም አላሉም እንዴ? ባዶ ነው አቦ።»

«ባዶ ከሆነ ማየቱ ምን ይጎዳሃል?»

ሊያሾፍብኝ አዙሮ ከፈተው። ጥይቷ ወጥታ ድንጋዩ ላይ ተንከባለለች። ቆሞ አያት። አለቃው በረንዳ ላይ ሆኖ ሁሉን ሰምቷል፤ አስጠራኝ።

«በይ እንግዲህ፣ ማወቅሽን አወቅን። ጠመንጃ የሚያመጣው ማን ማን ነበር?»

ነጠላዬን አስተካከልኩ።

«ባሌ ያስተማረኝ ሰው እንዳይሞት ነው። የሰው ስም አላስተማረኝም።»

ስመለስ የተጣለውን ቆዳ ከመሬት አነሳሁ፣ አራገፍኩና ሞርሳው ጥርስ ላይ መለስኩት። ማንም አልከለከለኝም።

ለዚያ መልሴ እስር ቤት ብዙ ከረምኩ። ነጋዴዋ ቀድማኝ ወጣች። ግንባሬን ስማ «በኔ ጦስ ቆየሽ» አለችኝ። አላስተባበልኩም።

እኔም ስፈታ ሞርሳውን ብጠይቅ «የመንግሥት ሆኗል» አሉኝ። ያ ጠባቂ ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ሲያየኝ ዛሬም አንገቱን ይሰብራል። ይስበር።

አሁን ሐኪም ጋራ ሰፈር፣ እህቴ ቤት ነኝ። በር ሲንኳኳ ማን ነው ሳልል አልከፍትም። ልጄ ግን አጠገቤ ናት፣ በሩም የሚቆለፈው ከውስጥ ነው። ደህና ነኝ።