ቺዙሩ «ጨዋማ» ያለችበት እሁድ

ሙራሴ ቺዙሩ ኦሳካ ውስጥ፣ የሆስፒታል አንሶላ በሚያጥብ ፋብሪካ ትሠራለች። ሥራዋ ከማድረቂያው የወጣውን አንሶላ ከባልደረባዋ ጋር ጫፍና ጫፍ ይዞ መወጠር፣ ማጠፍና መደርደር ነው። ሃምሳ አምስት ዓመቷ ነው። ብርድ ሲገባ ቀኝ ትከሻዋ ይያዛል። ባሏ ከሄደ ቆይቷል፤ የት እንደሄደ የሚጠይቃት ካለ «ናጎያ» ትላለች፣ ከዚያ በላይ አትጨምርም። ልጅ የላትም። የሴቶች ሬስሊንግ አላት።

የጀመራት ገና ተማሪ ሳለች ነው። ያኔ አዳራሹን የሚሞሉት ዩኒፎርማቸውን እንደለበሱ ከትምህርት ቤት የሚመጡ ልጃገረዶች ነበሩ። ይጮኻሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ተቃቅፈው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ዛሬ የሚመጡት አብዛኞቹ ካሜራ ያንጠለጠሉ ጎልማሳ ወንዶች ናቸው። የዚያ ዘመን ልጃገረዶች አግብተው፣ ወልደው ነገሩን ረሱት። ቺዙሩ አልረሳችም። ማቆም የሚባል ነገር መኖሩን ሳታስብ ነው ዕድሜዋ የሄደው።

ፋብሪካው አዲስ ሰው በቀጠረ ቁጥር ያው ጥያቄ ይመጣል። የሚያሸንፈው ሰው አስቀድሞ የተወሰነ አይደለም ወይ? ነው፣ ትላለች። ታዲያ ምኑን ታያለሽ? ድሮ ታስረዳ ነበር። አሁን አንሶላዋን ትወጥራለች።

ምኑን እንደምታይ ግን አሳምራ ታውቃለች። ጉልበቷን የተመታች ተፋላሚ ግጥሚያው እስኪያልቅ ማነከስ አለባት። ትንሽ ቆይታ እንደ ሚዳቋ ከሮጠች ቺዙሩ ለሷ ያላት አክብሮት እዚያው ያበቃል። ስትመታ የራሷን ጭን በጥፊ እያጮለች ድምፅ የምታሰማውን አትወድም። ተጋድማ ተይዛ ዳኛው ሦስት ቆጥሮ መሸነፏን ሊያውጅ ሲል ትከሻዋን ከወለሉ ብድግ የምታደርግ አንድ ጊዜ ታስደነግጣለች፤ ደጋግማ ስታደርገው የቺዙሩ ዓይን ወደ መውጫው በር ይሄዳል። የምትወዳት መጠበቅ የምታውቀዋን ነው፤ ክንድ ጠምዝዛ ይዛ፣ ዝም ብላ፣ ሰዉ እስኪቁነጠነጥ የምትቆየዋን። ከሁሉም በላይ ደግሞ አንስታ የጣለቻትን ልጅ የምትጠብቀዋን። መጣል ማንም ይጥላል፣ ትላለች ቺዙሩ፤ ሙያው በደህና ማሳረፉ ላይ ነው።

ቶዶሮኪ አካኔ ይህን ሁሉ ትችል ነበር። ቶዶሮኪና ቺዙሩ እኩያሞች ናቸው። አንዷ መድረክ ላይ ሌላዋ ወንበር ላይ ሆነው አብረው አረጁ። ቶዶሮኪ ትልቅ ሻምፒዮን ሆና አታውቅም። የምትታወቀው በአንድ ነገር ነው፤ ተጋጣሚዋን ከኋላ ወገቧን አቅፋ አንስታ፣ በጀርባዋ ተቀልብሳ ትጥላታለች። ወገብ ስትይዝ ደጋፊዎቿ ዝቅ ባለ ድምፅ «ኦ» ማለት ይጀምራሉ። ልጅቷ ከወለሉ ስትነሳ ድምፁም አብሮ ይነሳል፣ ወለሉ ሲመታ ይቆማል። ይህን የጀመረችው ቺዙሩ ነበረች፣ በልጅነቷ፣ ከድንጋጤ የተነሳ። አሁን ማን እንደጀመረው ሳያውቅ አዳራሹ ሁሉ ይለዋል።

በሬስሊንግ ደጋፊዎች ዘንድ አንድ ክፉ ቃል አለ። «ጨዋማ» ነው። በሌላ አገር ጨው ያነሰው ነገር ነው የሚናቀው፤ እዚህ ግን ጨው የበዛበት። ከሱሞ ትግል የመጣ ነው ይላሉ፤ እዚያ መፋለሚያው አፈር ላይ ጨው ስለሚበተን፣ ዘወትር የሚጣል ሰው ጨው ሲልስ ይኖራል። በሬስሊንግ ደግሞ አቅም ያነሳት፣ ሥራዋ የተበላሸባት፣ ልታይ የማትገባ ማለት ነው። ለወጣት ሲባል ስድብ ነው። ላረጀች ተፋላሚ ሲባል ግን «በቃሽ፣ አቁሚ» ማለት ነው።

ባለፈው ጸደይ ኮቤ ከተማ ላይ ቶዶሮኪ ማዮሪ የምትባል ሃያ ዓመት ያልሞላት ልጅ አነሳች። ወደ ኋላ ስትቀለበስ እጇ ተላቀቀ። ማዮሪ በአንገቷ ወደቀች። ለጥቂት ጊዜ አልተንቀሳቀሰችም። ከዚያ ተነሳች፣ ግጥሚያው ቀጠለ፣ ሰዉም አጨበጨበ። ቺዙሩ አላጨበጨበችም። ግን ምንም አላለችም። ከግጥሚያ በኋላ ተፋላሚዎቹ ፎቶና ካናቴራ ለመሸጥ ጠረጴዛ ዘርግተው ሲቀመጡ ደጋፊው ተሰልፎ አስተያየቱን ይሰጣል፤ ቺዙሩ ወረፋዋ ደርሶ ቶዶሮኪ ፊት ስትቆም ያለችው ዝናቡ ማባራቱን ነው።

እና አሁን ኦሳካ ላይ፣ እሁድ ከቀትር በኋላ፣ ከጣቢያው ጀርባ ባለው አሮጌ አዳራሽ፣ ቶዶሮኪና ማዮሪ እንደገና ሊጋጠሙ ነው። ቺዙሩ ዝም ካለች የልጅቷ አንገት አለ። ከተናገረች ቶዶሮኪ ታቆማለች፤ ቶዶሮኪ ካቆመች ደግሞ ለቺዙሩ የሚቀራት አንሶላ ብቻ ነው።

አዳራሹ በር ላይ ጋሽ ሄይጂን አገኘችው። ሄይጂ ወደብ ላይ የክሬን ኦፕሬተር ሆኖ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ በቆርቆሮ ቢራውና በአፉ ይታወቃል። «ጨዋማ» የሚለውን ቃል ያልወረወረበት ሰው የለም። ለሻምፒዮኖች ብሏል፣ ለዳኛ ብሏል፣ አንድ ጊዜ ማይክሮፎኑ አልሠራ ሲል ለማይክሮፎኑ ብሏል። ቺዙሩ ወደ ጎን ሳበችውና ኮቤ ላይ ያየችውን ነገረችው። እሱም አይቷል። ዛሬ ቶዶሮኪ ልጅቷን ለማንሳት ከሞከረች አንተ «ጨዋማ» በላት፣ አለችው፤ ያንተን አፍ ለምደውታል፣ ማንም አይቀየምህም።

ሄይጂ ቢራውን አወረደ።

«ለሷ አልልም።»

«ለሁሉም ትል የለ እንዴ፣ ጋሼ?»

«ለሌሎቹ ቀልድ ነው። ለሷ ከተባለ እውነት ይሆናል። አንቺስ አፍ የለሽም?»

ወደ ውስጥ ገቡ።

ቶዶሮኪ ስትጠራ ቀይ የወረቀት ጥቅሎች ለክብሯ ከየአቅጣጫው ወደ መድረኩ ተወረወሩ። ቺዙሩም የራሷን ወረወረች፤ ሰው እንዳይጎዳ መሃሉ ያለውን ደረቅ ካርቶን እንደ ልማዷ ቤቷ አውጥታለት ነው የመጣችው። ወረቀቱ ተተርትሮ የቶዶሮኪ ትከሻ ላይ ተንጠለጠለ። ጉልበቶቿ ላይ የታሰረው መደገፊያ ከኮቤው ወፍሯል።

ግጥሚያው መጀመሪያ ላይ መጥፎ አልነበረም። ማዮሪ ጥሩ ልጅ ናት፤ ስትመታ ወደ ሰዉ አታይም፣ የተመታ እግሯን አትረሳም። ቶዶሮኪን ሳያስታውቅባት ትደግፋት ነበር። ገመዱ ጋ ስትደርስ ትዘገይላታለች፣ ስትወድቅ ቀረብ ብላ ትወድቅላታለች። እንዲህ ያለው ነገር ካሜራ ላንጠለጠሉት አይታይም። ቺዙሩ አየችው፤ ድካም መጣባት።

ከዚያ ቶዶሮኪ ከኋላ ዞራ የማዮሪን ወገብ ያዘች።

«ኦ» አለ አዳራሹ።

ቺዙሩ ከንፈሯን ነክሳ ዝም አለች። ድምፁ ያለ እሷ ተነሳ። ቶዶሮኪን ጉልበቷ ከዳት፣ እጆቿ ሊላቀቁ ሆነ፣ እንደገና ያዘች። በዚህ ጊዜ የማዮሪ ተረከዝ ከወለሉ ሲለቅ ቺዙሩ አየች፤ የቶዶሮኪ ክንድ ገና ሳይስብ ነው የለቀቀው። ልጅቷ ራሷ ዘለለችላት። እኩሌታ ድረስ ወጡና ወደ ጎን ተንከባለሉ። ማዮሪ በትከሻዋ አረፈች፣ ከአንገቷ ጥቂት ፈቀቅ ብሎ።

ሰዉ አጨበጨበ። አይዞሽ የሚል ጭብጨባ ነበር፤ የታመመ ዘመድ አልጋው ላይ ተነስቶ ሲቀመጥ የሚሰጠው ዓይነት። ቶዶሮኪ ያን ጭብጨባ ሰምታ ተነሳች። ማዮሪንም አስነሳቻት። እንደገና ከኋላዋ ዞረች፣ እንደገና ወገቧን ያዘች፣ «ኦ» የሚለው እንደገና ከታች ጀመረ።

ቺዙሩ ተነስታ ቆመች።

«ጨዋማ» አለች።

እንደ ሄይጂ አልጮኸችም፤ ድምፅዋ የቀጠነ ነበር። ግን «ኦ» የሚለው ድምፅ መሃል ገብቶ ቆረጠው። ከኋላዋ ካሜራ የያዘ ሰው፣ ሴትዮ ምን ሆነሽ ነው፣ ተቀመጪ ወይ ውጪ፣ አላት። ሄይጂ ዞር ብሎ አየው።

«አንተ ሳትወለድ ጀምሮ እዚህ ተቀምጣለች» አለው። «ሌንስህን ጥረግ።»

መድረኩ ላይ ቶዶሮኪ ልጅቷን እንዳቀፈች ቆየች። ከዚያ እጆቿ ከማዮሪ ወገብ ተፈቱ። ልጅቷን ወደ ራሷ አዞረቻትና በክንዷ ደረቷን መታቻት። ማዮሪ ትንሽ ግራ ገባት፣ መልሳ መታቻት። ቶዶሮኪ ወደቀች፣ ልጅቷ ላይዋ ተኛችባት፣ ዳኛው ቆጠረ። ቶዶሮኪ ትከሻዋን አላነሳችም።

ከግጥሚያው በኋላ ጠረጴዛው ጋ ወረፋው ረጅም ነበር። ቺዙሩ መጨረሻ ላይ ተሰለፈች። ከፊቷ ያሉት ሰዎች ዞር እያሉ አዩዋት፤ ከነሱ ውስጥ ከሷ ጋር ለዓመታት ወረቀት የወረወሩ አሉ፣ አንዳቸውም ሰላም አላሏትም። ቶዶሮኪ ጉልበቷ ላይ በረዶ አስራ፣ ለሁሉም ስትፈርምና ስትስቅ ቆየች። ቺዙሩ ስትደርስ መሳቋን አቆመች።

«ኮቤም አይተሻል» አለች።

«አይቻለሁ።»

«ያኔ ለምን ዝም አልሽ?»

«እርስዎ ያቆማሉ ብዬ ፈራሁ።»

ቶዶሮኪ በረዶውን ከአንዱ ጉልበት ወደ ሌላው አዛወረች። እንደማታቆም ነገረቻት። ሌላ የምታውቀው ሥራ የለም፤ ሦስት ለሦስት ሆነው በሚጋጠሙባቸው ግጥሚያዎች እየገባች፣ ክንድ እየጠመዘዘች፣ ለወጣቶቹ ዘፍ እያለችላቸው ትቀጥላለች። ማቆም ከሆነ የት ትሄዳለች?

«ካንቺ ጋር አንሶላ ልጠፍ?»

«ትከሻ ይፈልጋል» አለች ቺዙሩ። «የርስዎ አይሆንም።»

ቶዶሮኪ ይህን ስትሰማ ልትስቅ ምንም አልቀራትም። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተናገረች። ማንሳት እንደማትችል ካወቀች ቆይታለች። መልበሻ ክፍል ውስጥ ዛሬ አላነሳም ብላ ለልጅቷ ቃል ትሰጣለች። መድረኩ ላይ ወጥታ ወገብ ስትይዝ ግን ያ ድምፃቸው ይመጣል።

«ድምፁ ከመጣ ጉልበቴ የማን እንደሆነ እረሳለሁ» አለች። «ዛሬ አንቺ ዝም ብለሽ ነበር፣ አይቼሻለሁ። ፊትሽ ግን ዝም አላለም። ፊትሽ ይጠብቅ ነበር።»

ቺዙሩ አልጠበቅኩም ልትል ነበር። ግን ጠብቃ ነበር። ልጅቷ የዘለለችላት ጊዜ እንኳ፣ የመጀመሪያዋን ቅጽበት፣ ተነሳች ብላ ደስ ብሏት ነበር።

«የሚመጣው ወር አትምጪ» አለች ቶዶሮኪ። «ሌሎቹ ይጮሁ፣ እነሱን እችላቸዋለሁ። አንቺ ካለሽ ግን አነሳታለሁ።»

«ከዚያ በኋላ ያለውስ ወር?»

«እሱንም።»

ቺዙሩ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች። ቶዶሮኪም ከተቀመጠችበት አጎነበሰች፣ ከልማዷ ትንሽ ዝቅ ብላ። ከኋላ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው አልነበረም፤ ቢሆንም ቺዙሩ ቦታ ለመልቀቅ ያህል ፈጠን ብላ ሄደች።

በሚቀጥለው ወር እሁድ ፈረቃ ጠይቃ ገባች። እሁድ የሚፈልጋት ሰው ስለሌለ የፈረቃ ኃላፊው ደስ አለው። ከሰዓት በኋላ ለእረፍት ወጥታ፣ የሩዝ ምሳዋን ግማሽ በልታ ሳለ ሄይጂ ደወለ። ከአዳራሹ በር ነው የሚደውለው፤ ከበስተጀርባው የሰው ድምፅ ይሰማል።

ዳር ዳሩን ሄደ። ሻምፒዮኗ ጭኗን እያጮለች እንዳደነቆረችው፣ ቢራው እንዳልቀዘቀዘ፣ ዳኛው እንደወፈረ ነገራት። ቺዙሩ ታገሰችው።

«ወገቧን ያዘች» አለ በመጨረሻ።

ቺዙሩ ምሳዋን አስቀመጠች።

«ሰዉ ‹ኦ› ማለት ጀመረ። ግማሹ ጀመረ፣ ግማሹ ፈራ። ከዚያ ድምፁ ሞተ። ለቀቀቻት። የልጅቷን አንገት በብብቷ ሥር አስገብታ ይዛት ተቀመጠች፣ እሷኑ ይዛ ቆየች፣ ቆየች። አንድ ሰው አዛጋ።»

«ማን ነው ያዛጋው?»

«እኔ።»

«ልጅቷስ?»

«በእግሯ ወጣች። ምን ትሆናለች?» ሄይጂ ቢራውን ጠጣ፣ ሲውጥ ተሰማት። «ከዓይንሽ ውጪ ሆኖ ነው እንጂ ያየሽው ቢሆን ጥሩ ነው ትዪ ነበር። ይዛ መቆየት የምታውቅ ትወጂ የለ?»

«ያላየሁትን ምን ብዬ እፈርዳለሁ» አለች።

ወንበሯ ላይ ካፖርቱን አስቀምጦ ሰው እንዳይቀመጥበት ሲከለክል እንደዋለ ነገራት። የሚመጣውም ወር እንደዚያው አደርጋለሁ አላት። ቺዙሩ ወንበሩን ለሰው እንዲሰጠው ነገረችው። ውስጥ ማድረቂያው ደውሎ ባልደረባዋ ስሟን ጠራች። ቺዙሩ ስልኩን ዘጋችና ትከሻዋን እያሸች ገባች።