ከቁልፉ እስከ ጤና ኬላው

አሶሳ ለማስተማር ስመደብ ያሳበደኝ ሙቀቱ ሳይሆን ስልክ የማይሠራባቸው መንደሮች ብዛት ነበር። ከመንጌ ወዲያ ባለ አንድ ሸለቆ ሰው ሲታመም ጎረምሳ በሩጫ ወደ ጤና ኬላው ይላካል፤ ጤና ባለሙያዋ መድኃኒቷን ይዛ እስክትደርስ ቀኑ ይጋመሳል። አንድ የመጥሪያ መሣሪያ የሠራሁት በዚህ ተቆጭቼ ነው።

ነገሩ ቀላል ነው። በሳሙና ማስቀመጫ ፕላስቲክ ውስጥ አንድ ቁልፍ፣ ሁለት ትንንሽ አምፖሎች፣ መልእክት የሚልክ ትንሽ ሬዲዮና ባትሪ፤ ጣሪያ ላይ ደግሞ መዳፍ የምታህል ሶላር። ሬዲዮው አቅም ስለሌለው ዳር ያለ ቤት ጤና ኬላውን በቀጥታ አያገኝም፤ መልእክቱ የሚደርሰው አንዱ ቤት ለጎረቤቱ፣ ጎረቤቱም ለቀጣዩ እያቀበለ ነው። ቁልፉን ሲጫኑት ቀይ ይበራል። ጤና ባለሙያዋ አይታ የራሷን ስትጫን ደግሞ በጠሪው ቤት አረንጓዴ ይበራል። በሙከራው ጊዜ ቀይ አልነበረም፤ ሰዎች ምንም ሳይበራ ሲቀር ተበላሽቷል እያሉ ቁልፉን እስኪሰበር ይደበድቡት ነበር። ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረብኝምና ተናድጄ ወዲያው የሚበራ ነገር ሰጠኋቸው።

ሳድል ለየቤቱ "ጠባቂያችሁ ነው" አልኩ። ቃሉን ወደዱት። በጋውን ሙሉ የመሣሪያዎቹ መረብ ያለ እንከን ሠራ፤ የእኔም ኩራት ጣሪያ ነካ።

በቆሎው ሲያሽት፣ መሃል ላይ ያለው ቤት ሰዎች እንደ ልማዳቸው ዝንጀሮ ሊጠብቁ ከኮረብታው ጀርባ ወዳለው የማሳ ጎጆ ሄዱ። መሣሪያውንም ነቅለው ይዘውት ሄዱ። በዚያው ሰሞን ከእነሱ ቤት ወዲያ ያለች ሴት ጠዋት ወለደችና ደሟ አልቆም አለ። ባሏ ቁልፉን ተጫነ። ጤና ኬላው ግን ምንም አልደረሰውም። ሴትየዋ ከሰዓት በኋላ ዐረፈች።

እንደሰማሁ ሄድኩ። በንዴት ጦፌ መጀመሪያ የወጣሁት ወደ ማሳው ነው። የቤቱ እመቤት ማማው ሥር ተቀምጣለች። ለምን ነቀላችሁት ብዬ ጮህኩባት። እሷ አልጮኸችም።

"መምህር፣ አንተ ጠባቂ ነው አልክ። እኛ ልጆች ይዘን እዚህ መጣን። ጠባቂ ባዶ ቤት ምን ይሠራል?"

እነሱ ሳይነኩት የሌላውን መልእክት እንደሚያሳልፍ ከየት ያውቃሉ? ማስረዳት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ አላስረዳሁም። አፍሬ ወረድኩ።

ባልየው ለቅሶ ከተቀመጡት ሰዎች መሃል ነበር። ሕፃኑ ተርፏል፤ የባልየው እህት ታቅፋዋለች። አላህ ይማራት አልኩና አጠገቡ ተቀመጥኩ። ከቤት ገብቶ መሣሪያውን አመጣና መዳፌ ላይ አኖረው።

"ቀይ ሲበራ ጤና ኬላ ያሉት ሰሙ ማለት አይደለም?"

"አይደለም" አልኩት። "ቁልፉ መጫኑን ብቻ ነው የሚናገረው።"

አረንጓዴው ከጤና ኬላው የሚመጡት ደጅ ሲደርሱ የሚበራ መስሎት ነበር። ሊሮጥ የተነሣውን ወንድሙንም ቀዩን አሳይቶ ያስቀረው እሱ ራሱ ነው። ይህን ሲነግረኝ ፊቴን የማዞርበት አጣሁ።

"እሷ ‘የት ደረሱ?’ ትለኝ ነበር" አለ። "እኔ ‘መንገድ ላይ ናቸው’ አልኳት።"