እጅጌ ውስጥ የተሰፋው ሐሙስ

«እትዬ ጥድፊያ» ይሏታል። ስሙን ያወጡላት ደንበኞቿ ናቸው። ልብስ ልታሰፋ የመጣች ሴት ገና ደጃፉን ተሻግራ «እንደምን ዋልሽ» ሳትል ሜትሩ ወገቧ ላይ ተጠምጥሞ፣ ተለክታ አልቃ፣ «ማክሰኞ ነይ» ተብላለች። ሠላሳ ስምንት ዓመት ስትሰፋ የሰው ልክ ወረቀት ላይ ጽፋ አታውቅም። የሰፈሩን ትከሻ፣ ወገብና ክንድ ሁሉ በጭንቅላቷ ይዛ ትዞራለች። መንገድ ላይ አስቁማ «አንቺ፣ ሁለት ጣት ጨምረሻል» እያለች ያሳፈረቻቸው ሴቶች ብዙ ናቸው። ተሳስታ ግን አታውቅም፤ ክፋቱም እሱ ነበር።

እንግዲህ ይህችው ሴት ናት በስልሳ አራት ዓመቷ የአንዲት ጠበቃን ጥቁር ካባ ስትቆርጥ ሁለት የግራ እጅጌ ያወጣችው። ጠበቃዋ የብዙ ዓመት ደንበኛ ነበረች፤ ልትሞክረው እጇን ከተተችና «እትዬ፣ ቀኝ እጄን የት ላድርገው?» ብላ ሳቀች። እትዬ ጥድፊያም አብራ ሳቀች። ጠበቃዋ ስትወጣ ግን ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች። ሥራ ሳትይዝ ቁጭ ማለት አታውቅም ነበር።

ከዚያ የመቀሱ ነገር መጣ። ቤት ውስጥ የሚኖሩት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ እሷና የእንጀራ ልጇ። ልጅቷ የሟች ባሏ ልጅ ናት። በሰባት ዓመቷ ባንድ እጇ ቦርሳ በሌላው ጫማዋን አንጠልጥላ የመጣች፣ አሁን ሠላሳ ዓመት ሞልቷት ፋርማሲ የምትሠራ። አባትየው ከሞተ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው፤ ልጅቷ አልሄደችም፣ ሂጂ ያላትም የለም። አንድ ጠዋት እትዬ ጥድፊያ ትልቁን መቀስ አጣችው። ፈለገች፣ ፈለገች፣ ደሟ ፈላ፤ ከመሬት ተነስታ «ሌባ! መቀሴን የት አደረስሽው?» ብላ ጮኸችባት። ጎረቤት ሁሉ ሰማ። ልጅቷ አንዲት ቃል ሳትመልስ ቤቱን ፈተሸች። መቀሱን ማቀዝቀዣ ውስጥ ከወተቱ ጎን አገኘችው፤ በጨርቅ ጠራርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና «ረፈደብኝ» ብላ ወጣች። ብትሰድባት ይሻል ነበር። እትዬ ጥድፊያ ያንን ቀዝቃዛ መቀስ እያየች ዋለች፤ በማግሥቱ ራሷን በራሷ ሐኪም ቤት ወሰደች።

ሐኪሙ ቀኑን ጠየቃት፤ ጠፋባት። የሰዓት ሥዕል አሳላት። «ወንበር፣ ሎሚ፣ ድልድይ» ብሎ ሦስት ቃል አስያዛትና ከአምስት ደቂቃ በኋላ ይመልሱልኝ አላት። ሎሚው ብቻ ተመለሰ። ሌላም ሌላም ምርመራ ተደርጎ፣ ሦስተኛ ቀጠሮዋ ላይ፣ «የመርሳት በሽታ ነው» አላት። «ገና ጅምሩ ላይ ነው።»

«ስንት ጊዜ አለኝ?»

«እሱ ከሰው ሰው ይለያያል። ብዙ ዓመት ሊኖሩ…»

«ዕድሜዬን አይደለም የጠየቅሁህ የኔ ልጅ። ፊርማዬ እስከ መቼ ነው ፊርማ የሚሆነው?»

ሐኪሙ መነጽሩን አወለቀ። ይህን ጥያቄ የሚያመጡት ዘመዶች እንደሆኑ፣ ያውም ከረፈደ በኋላ እንደሆነ ነገራት። ከዚያም የምታደርገውን አውቃ እንደምትወስን የሚመሰክር ወረቀት ጻፈላት። «የሚቀበሉት ለሠላሳ ቀን ብቻ ነው» አለ። «ካለፈ እንደገና እመረምርዎታለሁ። ያን ጊዜ ምን እንደምጽፍ ግን ዛሬ ቃል ልገባልዎ አልችልም።»

ሠላሳ ቀን እንኳን ለሷ ለማንም አጭር ነው። እሷ ደግሞ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እሳት ላይ የተጣደች ሆነች። ሱሪ እያሳጠረች ብድግ ትላለች፤ መስኮት ትከፍታለች፤ መልሳ ትዘጋለች፤ «ዛሬ ስንት ነው?» ትላለች። ልጅቷ ትነግራታለች። ሳሙናውን አንስታ ጨርቅ ላይ መስመር ታሰምርና «ዛሬ ስንት አልሽኝ?» ትላለች።

ያስፈራት በሽታው ብቻ አልነበረም። ወንድሟ ነበር። ክፉ ሰው ነው እንዳይባል ክፉ አይደለም፤ ታማለች ሲባል ከሌላ ከተማ ድረስ ብርቱካን ተሸክሞ የሚመጣ ሰው ነው። ግን ዕድሜውን ሙሉ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ሆኖ ኖሮ፣ ጡረታ ከወጣም በኋላ ሰውን ሁሉ ተሰለፍ ማለቱን አልተወም። የሐኪሙን ነገር በስልክ ሲሰማ ሁሉን በአምስት ደቂቃ ጨረሰው። «ቤቱ ይከራያል። አንቺ እኔ ጋ ትገቢያለሽ። መኪናውንም የሚገዛ አይጠፋም።»

መኪና ያለው የስፌት መኪናዋን ነው።

«ልጅቷስ?» አለችው።

«የትኛዋ ልጅ? እሷማ ለአቅመ ሔዋን ደርሳለች፣ ራሷን ትቻል። ደግሞ ምንሽ ናት? እኔ ወንድምሽ ቁጭ ብዬ ባዳ ነው እንዴ ነገርሽን የሚይዘው?»

ጠበቃዋ ዘንድ ስትሮጥ ያገኘችው መልስ ይበልጥ አሳረራት። ምንም ሳትፈርም አእምሮዋ ከደከመ ፍርድ ቤት የሚሾምላት ጠባቂ የሥጋ ዘመድ ነው፤ የሥጋ ዘመዷ ደግሞ ያው ርዕሰ መምህሩ ነው። ልጅቷ በወረቀት ምኗም አይደለችም። ሃያ ሦስት ዓመት በአንድ ማዕድ የበላችው ሁሉ በአንድ ማኅተም ባዳነት ሊሆን ነው።

«ሦስት ነገር እንጻፍ» አለች ጠበቃዋ። አንደኛው ለልጅቷ የሚሰጥ ውክልና ነው፤ ቤቱን፣ ባንኩን፣ ሕክምናውን ሁሉ የሚመለከት፣ አእምሮዋ ከደከመ በኋላም የሚጸና። ሁለተኛው ኑዛዜ። «ሦስተኛው የራስሽ ቃል ነው። እንዴት ልያዝ፣ ምን ይደረግልኝ፣ ምን አይደረግብኝ የምትይውን ንገሪኝና ልጻፈው።»

ሦስተኛውን እትዬ ጥድፊያ ቆማ፣ እየተንጎራደደች ተናገረችው። አንድ ገጽ ሆነ። «ይህን ልጅቷ እንዳታየው» አለች። «ሳስፈልጋት ታየዋለች።» ዋጋውን ስትጠይቅ ጠበቃዋ «ቀኝ እጅጌዬን ስጪኝ» አለቻት።

ወረቀቱ ተጻፈ፣ ታረመ፣ ምስክር ተገኘ፤ ሰነድ የሚረጋገጥበት ቢሮ ቀጠሮ ሲሰጥ ግን ሃያ ዘጠነኛው ቀን ላይ ወደቀ፤ ሐሙስ፣ ወሩ በገባ በአሥራ አራት። ጠበቃዋ «መዝጋቢው ብቻሽን አስገብቶ ይጠይቅሻል፤ ተገደሽ እንዳይሆን» አለቻት። እትዬ ጥድፊያ የሰማችው «ይጠይቅሻል» የሚለውን ብቻ ነበር። ሐኪሙ ቀኑን ሲጠይቃት የሆነችውን አልረሳችም፤ እንዲህ ያለውን ነገር ደግሞ ሰው አይረሳም።

ስለዚህ ረቡዕ ከሰዓት ልጅቷ ሥራ ላይ ሳለች አንድ ነገር አደረገች። ግራጫ ቀሚሷን አወጣች፤ የግራ እጅጌውን ጫፍ ገለበጠችና በቀጭን ነጭ ክር ከውስጥ ሰፋችበት። «ሐሙስ 14» ብላ ሰፋች። ዕድሜዋን ሰፋች። የቤት ቁጥሯን ሰፋች። ሐኪሙን አስጽፋ ያመጣችውን «ወንበር ሎሚ ድልድይ» የሚለውንም ሰፋች። ስትጨርስ እጅጌዋን መልሳ መስተዋት ፊት ቆመችና ክንዷን ሳብ አደረገች። ምንም አይታይም። ተማሪ ሳለች አንዲት ፊደል ያልኮረጀች ሴት፣ በስልሳ አራት ዓመቷ የኩረጃ ልብስ ሰፍታ አረፈች።

ሐሙስ ከልጅቷና ከጠበቃዋ ጋር በጠዋት ተሰለፈች። ተራዋ አርባ ሰባተኛ ነበር። ፕላስቲክ ወንበሩ ላይ አንድ ደቂቃ አልተቀመጠችም፤ የሰውን ሁሉ ኮሌታ እያየች በልቧ ስታርም ቆየች። አርባ አራተኛው ሰው ሲገባ አንዲት ሠራተኛ ብቅ አለችና «ኔትወርክ የለም፣ ነገ ተመለሱ» አለች።

«ነገ?» አለች እትዬ ጥድፊያ። «እኔኮ ነገ የለኝም!»

ሠራተኛዋ ትከሻዋን ነቅንቃ ገባች። ነገ ሠላሳኛው ቀን ነው፤ ከነገ ወዲያ የሐኪሙ ወረቀት ዋጋ የለውም። ያን ዕለት ከሰዓት ወንድሟ ደወለ። «ሰኞ እመጣለሁ። እስከዚያ ምንም እንዳትፈርሚ፤ ሰማሽ?» እሷም «ሰማሁ» አለችው። መስማት ሰማች።

አርብ ጠዋት ቀድማ ተነስታ ያንኑ ግራጫ ቀሚስ ለበሰች። መልሱ ያለው እሱ ላይ ነዋ።

መዝጋቢው ወጣት ሰው ነው፤ ገና በማለዳው የደከመው። ልጅቷንም ጠበቃዋንም አስወጥቶ በሩን ዘጋ። ሦስቱን ሰነዶች አገላበጠ፤ የሐኪሙን ወረቀት ቀን በጣቱ ተከትሎ ቆጠረ፤ ከዚያ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እናቴ፤ ለደንቡ ያህል ነው። ዛሬ ምን ቀን ነው?»

ይህችን ነበር ስትጠብቅ የከረመችው። የግራ እጅጌዋን ጫፍ ገለጥ አድርጋ አየችና ፈጠን ብላ፣ «ሐሙስ፣ አሥራ አራት» አለች።

መዝጋቢው ቀና አለ። ዓይኑ ወደ ግድግዳው ካላንደር ሄደ፤ የሷም ዓይን ተከተለው። አርብ ይላል። አሥራ አምስት ይላል። ለሴኮንድ ያህል የወንድሟ ድምፅ ጆሮዋ ላይ አቃጨለ፤ ልጅቷን ባንድ እጇ ቦርሳ በሌላው ጫማ ይዛ ከቤት ስትወጣ አየቻት።

«እጅጌዎ ላይ ምንድን ነው ያለው?» አለ መዝጋቢው።

እጅ ከፍንጅ ተያዘች። መዋሸትም አሰበች፤ ግን ምን ብላ? እጅጌውን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችለት።

«ኮርጄ ነው» አለች። «የምትጠይቁኝን ሁሉ ሰፍቼ ነው የመጣሁት። ትናንት ኔትወርክ አልነበራችሁም እንጂ መልሱ ልክ ነበር። ወንበር፣ ሎሚ፣ ድልድይም አለልህ፣ ካስፈለገህ።»

መዝጋቢው ጎንበስ ብሎ አነበበ። ሳቁን ዋጠው። ወዲያው ግን ፊቱ ቆፍጠን አለ፤ ማኅተሙን ወደ ራሱ ሳበ። «እናቴ፣ ይህንን አይቼ እንዴት አድርጌ ነው የምፈርመው?»

«አታውቅም ብለህ ነው?»

«እንደዚያ ነው የሚመስለው።»

«ቀኑን አላውቅም። እሱን በሽታዬ በልቶታል፣ ደህና አድርጎም ይበላዋል። ግን አንዴ እየው እስኪ ልብሱን። ሙሉውን እየው። ወረቀቶቹ ውስጥ ስላለው ነገር አንዲት ቃል ሰፍቻለሁ?»

መዝጋቢው እጅጌውን እንደገና አየ። «የለም።»

«ለምን እሰፋዋለሁ? እሱንማ አውቀዋለሁ።»

ከዚያም እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ነገረችው። ውክልናው ለማን እንደሆነ። ቤቱ እሷ በሕይወት እያለች እንዳይሸጥ፤ ከሞተች በኋላ ግማሹ የልጅቷ፣ ግማሹ የወንድሟ እንዲሆን። «ወንድሜንም አልጠላውም፤ ማዘዝ ስለሚወድ ብቻ ነው።» የስፌት መኪናው እሷ መስፋት ብታቆምም ከመስኮቱ ሥር እንዳይነሳ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ያለውንም ቃል በቃል አለችው። መዝጋቢው በወረቀቱ ላይ መስመር በመስመር ተከተላት። አንድም ቃል አልዘለለችም።

እስክሪብቶውን ወደሷ ገፋ አድርጎ የምትፈርምበትን ቦታ አሳያት።

ወንድሟ እንዳለው ሰኞ መጣ። አነበበ፣ ጮኸ፣ ሁለት ወር አኮረፈ፤ ከዚያ ደግሞ ብርቱካኑን ይዞ መምጣቱን ቀጠለ። እትዬ ጥድፊያ ዓመት ያህል ቀላል ቀላሉን ሰፋች። ቀስ በቀስ ቁልፍ መትከል ብቻ ቀረ፤ በኋላም ጨርቅ ማጣጠፍ። ልጅቷ ባንክ ስትሄድ፣ ሐኪም ስትጠራ፣ የቤቱን ግብር ስትከፍል፣ «ምኗ ነሽ?» ብሎ የመለሳት አልነበረም። መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጠችውን ሦስተኛውን ገጽ ግን አልከፈተችውም፤ ሳስፈልጋት ታየዋለች ተብሏልና።

አንድ እሑድ ረፋድ ላይ ነው። ልጅቷ ልብስ ስታሰጣ ከውስጥ ጩኸት ሰማች። ሮጣ ስትገባ እትዬ ጥድፊያ ፊቷ ቀልቶ፣ በር በሩን እየጠቆመች ቆማለች። «ሌባ! መቀሴን! ምን ትሠሪያለሽ ቤቴ? ማነሽ አንቺ? ውጪ! ውጪልኝ!»

ልጅቷ መሳቢያውን ከፈተች። ገጹን አወጣችና ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች።

«አንድ ቀን ይህችን ልጅ ሌባ እላታለሁ። ከቤቴ ውጪ እላታለሁ። ያን ቀን የሚናገረው በሽታዬ ነው፤ አንቺ ልጅ፣ እንዳትሰሚኝ። ዛሬ በጤናዬ የምልሽን ስሚ። ቤትሽ ነውና አትውጪ። መቀሱን ማቀዝቀዣ ውስጥ ፈልጊው። ስታገኚው ደግሞ እንደዚያን ቀን ዝም ብለሽ አትሂጂ፤ ተቆጪኝ፣ ከዚያ አጠገቤ ቁጭ በይ።»

እትዬ ጥድፊያ የዘረጋችው እጅ ቀስ እያለ ወረደ። ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ እስከ መጨረሻው አዳመጠች።

«ማናት ይህን የጻፈችው?» አለች።

ልጅቷ እንባዋን በክንዷ ጠረገች። «ያሳደገችኝ ሴት ናት።»

«ጠንቃቃ ሴት ናት» አለች እትዬ ጥድፊያ። ጥቂት አሰበች። ከዚያ እንደ ድሮዋ እጇን አጨበጨበች። «ታዲያ ምን ተገትረሽ ታይኛለሽ? ማቀዝቀዣ ውስጥ ፈልጊው አላለችሽም? ስሚያት እንጂ! ቶሎ በይ!»

ልጅቷ ወደ ማቀዝቀዣው ሄደች።