እማዬ፣ ጾሙና ፓፉ

ዛሬ ዓይኔ እያየ እማዬ ትንፋሽ አጥሯት ከንፈሯ ጠቆረ።

ሀቡብ የሚሉት አውሎ ነፋስ ሰፈራችንን ዴምን በአቧራ ሲሞላው አስሟ ተነሳባት። ስኳርና ደም ግፊትም አለባት። የሚሳበውን መድኃኒቷን፣ ፓፉን፣ አፏ ላይ ሳደርስላት ግን ጥርሷን ነከሰች። «ጾም ነኝ! እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አፌ አይገባም!»

ለመንኳት፣ አለቀስኩ። ወይ ፍንክች!

ስልኬ ረሲድ (የመደወያ ሂሳብ) ስለሌለው በጎረቤታችን በሐጃ ስልክ ለንስሐ አባቷ ደወልኩ። (ሙስሊሟ ሐጃ «ያላ፣ አቡና!» እያለች ቄስ ስታጣድፍ ብታዩ!)

አባ «ፈቅጄልሻለሁ» ሲሏት ሳበችው።

ደረቷ ትንሽ ሲከፈትላት «ነገም ትወስጂያለሽ አይደል?» አልኳት።

«የፈቀዱልኝ ለዛሬ ነው» ብላ ወደ ግድግዳው ዞረች።

እናንተ የሚጾሙ ሕመምተኛ ወላጆቻችሁን በምን አሳመናችኋቸው? እባካችሁ፣ ሳይነጋ ንገሩኝ።