ሁሉን ሞክሬ መጎንበስ የረሳሁበት ጉርድ

ትናንት ከሰዓት በኋላ ከልጅ ልጄ ከሜሮን ጋር መናኸሪያው አጠገብ ያለ አንድ ቡቲክ ገብተን ነበር። ለመሥሪያ ቤቷ ጉባኤ የሚሆን ልብስ ልትገዛ ነው። ጥቁር ሱሪ ለብሳ ከመጋረጃው ኋላ ብቅ አለች።

«እስቲ ጎንበስ በይ» አልኳት።

«ለማን ብዬ?» ብላ ሳቀችብኝ።

ትሳቅ... እኔን ግን አላሳቀኝም። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ጊዜው የንጉሡ ነው፣ መጨረሻ መጨረሻው ላይ። እኔ እዚሁ ዲላ አዲስ አስተማሪ ነበርኩ። አዋሳ የመምህራን ትልቅ ስብሰባ ተጠራና ከትምህርት ቤታችን እኔ ተመረጥኩ። ደስ ሊለኝ ሲገባ እንቅልፍ አጣሁ። ምክንያቱም ዝውውር የሚወሰነው እዚህ ስብሰባ ላይ ነው ይባል ነበር። ለዓይን የሞላ ከተማ ይቀራል፣ ያልሞላ ነገሌ ቦረና ይወርዳል። እኔ ደግሞ ለእናቴ አንድ ነኝ። ከዲላ አለፍ ብላ ባለች ጪጩ በምትባል መንደር ብቻዋን ነበር የምትኖረው፣ ዓይኗም እየደከመ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ በእግሬ እየሄድኩ ቤቷን አበጅላት ነበር። ነገሌ ከወረድኩ ማን ያያታል?

ዳይሬክተራችን ጠርተው «አስቴር፣ አደራሽን፣ ደህና አድርገሽ ልበሺ» አሉኝ። «ግን ቀኑን ሙሉ መቀመጥ ስላለ የሚመችሽ ይሁን።»

ደህናም... የሚመችም። ሐሳብ ገባኝ። ነጩን የሐበሻ ቀሚስ ለበስኩ፣ ሠርግ የተጠራሁ መሰልኩ። አወለቅኩት። ቤተ ክርስቲያን የምሄድበትን አበባ አበባ ያለውን ለበስኩ፣ መዘምራን መሃል የጠፋሁ ልጅ መሰልኩ። እሱንም አወለቅኩት። መልሼ ነጩን... ጎረቤቴ በግድግዳው በኩል «ምን እያሳደድሽ ነው?» ብላ ጮኸችብኝ።

በመጨረሻ ገበያው ዳር ያለው ልብስ ሰፊ ጋሽ ሸምሱ ጋ ሄድኩ። ግራጫ ጉርድና ኮት ሰፉልኝ። ሲያምር! ግን እኔ በማማር ብቻ የማምን ሰው አይደለሁም። እዚያው ሱቃቸው ውስጥ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ፣ ተነሳሁ። አውቶቡስ እንደሚሳፈር ሰው በርጩማው ላይ ወጣሁ። ጥቁር ሰሌዳ ላይ እንደምጽፍ እጄን ሰቀልኩ። በረንዳው ላይ ወዲያና ወዲህ ተመላለስኩ፣ መንገደኛው ቆሞ አየኝ።

«ኧረ ልጄ፣ ልብስ ነው የሰፋሁልሽ ወይስ ፈረስ ልትገዢ ነው?» አሉ ጋሽ ሸምሱ።

«ጋሼ፣ ዳሌው ላይ ትንሽ አልጠበበም?»

«ፋሽኑ ነው! ካሰፋሁት ከረጢት ይሆናል። ልክክ ብሎልሻል፣ በቃ ሂጂ።»

ሄድኩ። መንገድ ላይ እንዳይቆሽሽ አሮጌ ቀሚስ ለብሼ ጉርዱን በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ እስከ አዋሳ ጭኔ ላይ እንደ ሕፃን ታቅፌው። አዳራሹ አጠገብ አንድ ሻይ ቤት ጓዳ አስፈቅጄ ቀየርኩ። ስገባ ሁለት ሴቶች ዞረው አዩኝ። ልቤ ትንሽ ረጋ አለ... አስቴር ዲላ ትቀራለች አልኩ ለራሴ።

ከዚያ በሩ ተከፈተና ክቡርነታቸው ገቡ። ስማቸው ይቅር፣ ትልቅ ባለሥልጣን ናቸው። አዳራሹ በሙሉ ብድግ ብሎ እጅ ነሳ። የዚያን ጊዜ እጅ መንሳት እናንተ እንደምታውቁት ጭንቅላት ነቅነቅ አይደለም። ከወገብ ነው፣ እጅ መሬት ሊነካ እስኪደርስ።

እኔም ዝቅ ማለት ስጀምር... ከኋላዬ ጠርርር!

ባለሁበት ቀረሁ። አንድ ስንዝር ብወርድ ጉርዱ ለሁለት ይከፈላል፣ ከኋላዬ ደግሞ የይርጋጨፌ ወንድ አስተማሪዎች ናቸው። ቀስ ብዬ ቀና አልኩ። ያ ሁሉ ሰው ጎንብሶ እኔ ብቻ እንደ ምሰሶ ቆሜያለሁ! ያን ሰሞን የአዲስ አበባ ተማሪ በየመንገዱ የሚጮህበት ጊዜ ስለነበር፣ አለመጎንበስ ዐመፀኛ እንደሚያስመስል አውቃለሁ።

ክቡርነታቸው ፊቴ መጥተው ቆሙ።

«ማነሽ አንቺ?»

«መምህርት አስቴር፣ ከዲላ፣ ክቡርነትዎ።»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ከዚያ ድምፃቸው ለስለስ አለ። «ምነው ልጄ... ወገብሽን አሞሻል?»

ምን ልበል? ጉርዴ ተተረተረ ልበል? ሰውየው ራሳቸው መውጫ ሰጡኝ፣ እኔም ዘልዬ ገባሁበት።

«አዎ ክቡርነትዎ። ወገቤን ነው።»

ከንፈራቸውን መጠጡልኝ። ወደ ተከታያቸው ዞረው፣ «ዲላ እርጥበት ነው፣ ለወገብ ጠላት ነው» አሉ። «ይቺን ልጅ ደረቅ አገር ስደዷት። ነገሌ... ፀሐዩ ይፈውሳታል።»

እግዜር ይስጥልኝ አልኩ። እሱንም ቀጥ ብዬ!

እናቴ ስትሰማ ጮኸች። «አንተ! ወገብህ መቼ ታመመ?» አለችኝ። አፏን የፈታችው በሌላ ቋንቋ ስለሆነ አማርኛዋ ስትናደድ ወንድና ሴት አይለይም። አብረን እንሂድ ብላት እንሰቴን ለማን ጥዬ ብላ እንቢ አለች። ነገሌ ሦስት ክረምት ተቀመጥኩ። አገሩም ሕዝቡም ደግ ነው፣ አልዋሽም፣ ልቤ ግን ጪጩ ነበር። ስመለስ እናቴ የለየችኝ በድምፄ ነው።

እንግዲህ ትናንት ይሄን ሁሉ ለሜሮን እየነገርኩ፣ ያኔ እንዴት እንደሚጎነበስ ላሳያት ብዬ ቡቲኩ መሃል ዝቅ አልኩ። ዝቅ ማለቱን አልኩ... መነሳቱ እንቢ አለ። ወገቤ ቀጭ ብሎ ያዘኝ።

ሜሮን ደንግጣ ሮጠች። «ውይ እማማ! ወገብሽን አሞሻል?»

«ኧረ ደህና ነኝ!» አልኩ እዚያው እንደጎነበስኩ።

እንኳን አሞኝ ተሰብሮም ቢሆን፣ ለዚህች ጥያቄ ሁለተኛ አዎ አልልም።