ጣሪያና ኮርኒስ

በጎልፍ ሜዳው ስሙን የሚያውቅ የለም፤ ጠጋኙ ነው የሚሉት። ተጫዋቾቹ ኳስ ሲመቱ ዱላቸው ሣሩን ከነአፈሩ ቦጭቆት ይሄዳል፤ እሱ ደግሞ አሸዋና የሣር ዘር የተቀላቀለበት ባልዲውን አንጠልጥሎ ከኋላ ከኋላ እየተከተለ የተቦጨቀውን ይደፍናል። በቀን ሦስት መቶ ጊዜ ይንበረከካል ብል ማጋነን አይደለም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ሲንበረከክ እስቲ ቀና በል ያለው ሰው አልነበረም። ዘንድሮ ግን ጉልበቱ በቃኝ አለ። ጠዋት ከአልጋ ሲነሣ ሚስቱን ተደግፎ ነው የሚነሣው።

ሰው ሁሉ አንጋጦ ኳሷን ሲያይ እሱ መሬት መሬቱን ሲያይ ኖረ። የተቦጨቀውን «ጠባሳ» ይለዋል። ዱላው ከየት መጥቶ ወዴት እንዳለፈ ጠባሳው ይናገራል። ጠባሳው ወደ ግራ ካየ፣ ሰውየው ዱላውን ከውጭ አምጥቶ ወደ ራሱ እየሳበ መቷል ማለት ነው፤ ኳሷም ወደ ቀኝ ትቆለመማለች። ወደ ቀኝ ካየ፣ ዱላው ዝቅ ብሎ ወገቡን ዞሮ መጥቷል፤ ኳሷም ከመነሻዋ ወደ ቀኝ ትሄዳለች። ይህን ያስተማረው የለም። እዚህ ከመቀጠሩ በፊት ቆርቆሮ መቺ ነበርና ተዳፋትን በዓይኑ ይለካል።

ከተጫዋቾቹ አንዱ ጠበቃ ናቸው፤ የክለቡ ኮሚቴ አባልም ናቸው። የእሳቸው ኳስ በስተቀኝ ያለውን ኩሬ ቤቷ አድርጋው ነበር። እልህ ይይዛቸውና ወደ ግራ ያነጣጥራሉ። ወደ ግራ ባነጣጠሩ ቁጥር ዱላው የባሰ ወደ ግራ ይቆርጣል፤ በቆረጠ ቁጥር ኳሷ የባሰ ወደ ቀኝ ትጠመዘዛለች። የክለቡ አሰልጣኝም «ትንሽ ወደ ግራ ይጨምሩ» እያለ ደመወዙን ይበላል። አንድ ቀን የጠጋኙ አፍ አላርፍ አለው።

«ጌታዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ጠባሳው ወዴት ነው የሚያየው?»

«የምን ጠባሳ?»

«የቦጨቁት መሬት። ወደ ግራ ነው የሚያየው። ከኳሷ ተነሥቶ ትከሻዎ ላይ የሚያርፍ የቆርቆሮ ጣሪያ አለ ብለው ያስቡ። ዱላው ሲወጣም ሲወርድም ያንን ጣሪያ ታክኮ ነው መሄድ ያለበት። እርስዎ ሲያወርዱት በጣሪያው ላይ ያዘልሉታል።»

ጠበቃው መጀመሪያ ተቆጡ፣ ቀጥሎ ሞከሩ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ኩሬው ኳስ ናፈቀው። «አሰልጣኙ ሲለቅ ቦታው ያንተ ነው፤ እኔ አለሁልህ» አሉት፤ እሱም አመናቸው።

አሰልጣኙ ለቀቀ። ሥራ አስኪያጁ ጠጋኙን ቢሮው አስጠርቶ፣ «የሚያስተምር ሰው መምታት አለበት። ቅዳሜ ጠዋት ኮሚቴው ፊት ሦስት ኳስ ትመታለህ» አለው። ጠጋኙ ከዚያ ቢሮ ሲወጣ ያሰበው ስለ ክብርም ስለ ደመወዝም አልነበረም። አሰልጣኝ ቆሞ ነው የሚሠራው፤ ያሰበው ይህንን ነበር።

በሜዳው ላይ ኳስ መትቶ አያውቅም፤ ለሠራተኛ ክልክል ነው። ቤቱ ግን የተጣለ ዱላ አለው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከሥራ ሲመለስ አልጋውን ገፋ፣ ወንበሩን አነሣ እያደረገ ያለ ኳስ ሲለማመድ ኖሯል። የቤቱ ኮርኒስ ዝናብ ገብቶበት ሆዱን ነፍቷል፤ አምፖሉም አናት ላይ ነው የተንጠለጠለው። በመጀመሪያው ወር ሁለት አምፖል ሰበረ።

«ሦስተኛውን ብትሰብር የማለቅሰው ለአምፖሉ ነው!» አለች ሚስቱ። «አንተ ሰውዬ፣ ቆርቆሮ መቺ አይደለህ እንዴ? ይህን ኮርኒስ ከፍ አታደርገውም?»

«እሺ፣ እሑድ» አላት።

ያ እሑድ ሳይመጣ ቀረ። አምፖል ግን ከዚያ በኋላ አልተሰበረም፤ በዚህም ይኮራ ነበር።

ቅዳሜ ሚስቱ የተኮሰችለትን ሸሚዝ ለብሶ ቀረበ። የመጀመሪያው ምት ከኳሷ በስተኋላ መሬቱን ገመሰው፤ ኳሷ አምስት እርምጃ ተንከባለለች። ሁለተኛዋ ኩሬ ገባች። ለሦስተኛዋ ያለ የሌለ ኃይሉን አሰባሰበ፤ እሷም ኩሬ ገባች። ጠበቃው ቀረብ ብለው መሬቱን አዩ።

«ጠባሳው ወዴት ነው የሚያየው?» አሉት።

«ወደ ቀኝ ነው ጌታዬ።»

«ወደ ቀኝ!» ብለው ሳቁ። ኮሚቴውም አብሯቸው ሳቀ። አለሁልህ ያሉት ሰውዬ ናቸው እንግዲህ። ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን አየና፣ «በል ባልዲህን አምጣና ድፈነው» አለው።

ሁሉም ሲሄዱ ተንበረከከ። ሦስቱም ጠባሳዎች አንድ ዓይነት ነበሩ። ዱላውን አንዱ ጠባሳ ላይ አጋደመና በመጣበት መንገድ ቀስ እያለ ወደ ኋላ አነሣው። ዱላው ትከሻው ጋ አልደረሰም። ወገቡን ዞሮ፣ የሆነ ነገር እንዳይነካ እንደ ፈራ ሰው ጎንበስ ብሎ አለፈ። ከላዩ ሰማይ ብቻ ነበር። ጠጋኙ ያን ጊዜ ገባው፤ አሥራ አንድ ዓመት የተማረው አምፖል መሸሽ ኖሯል። የሰውን ሁሉ ጠባሳ ሲያነብ የራሱን አይቶት አያውቅም፤ የቤቱ ወለል ሲሚንቶ ነው፣ ጠባሳ አይይዝም። አሸዋውን ጨመረ፣ ዘሩን በተነ፣ ሌላ ሰው እንዳያነበው ደጋግሞ በመዳፉ አስተካከለው።

ቤት ሲደርስ ሚስቱ በር ላይ ቆማ ነበር።

«እህ? ስንቱን መታህ?»

ገባና መሐል ወለሉ ላይ ቆመ። እጁን ወደ ላይ ሲዘረጋ ጣቶቹ ገና ሳይንጠራራ ኮርኒሱን ነኩት።

«ኮርኒሱ ዝቅ ብሏል» አላት።

ሚስቱ ፊቱን አየች፣ ሸሚዙን አየች፣ ጉልበቱ ላይ ያለውን አፈር አየች።

«ዛሬ ነው ያየኸው?» አለችው።